ዝንቦች ያቆሸሹት ሥዕል፦ «ደጉ ወታደር ሽቬይክ»ን ማን እንዴት አነበበው?

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥሎ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አለመሆኑ በዚህ ዓይነት ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ደራሲው ከየትኛው መደብ እንደ ተወለደ፣ ብዕሩን ለማን ጥቅም እንዳዋለ፣ ገጸ ባሕርያቱም የትኛውን የኅብረተሰብ ክፍል እንደሚወክሉ መመርመር የሂስ ሁሉ መጀመሪያ ሆኖ ቆይቷል። የዚህ ምርመራ አስፈላጊነት የማያጠራጥር ቢሆንም አንድ ሰው ሁልጊዜ ይዘነጋበታል። የሚዘነጋውም አንባቢው ነው። መጽሐፉን ገዝቶ ወይም ተውሶ፣ በኩራዝ ወይም በአምፑል ብርሃን ገልጦ የሳቀው፣ የተቆጣው፣ ለጎረቤቱ ያነበበው ወይም ለአለቃው ያመለከተው ሰው ምን አየበት? በተለይ መጽሐፉ የፖለቲካ ስላቅ ሲሆን ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ይቀድማል፤ ስላቅ ያለ ሳቂ ስላቅ አይሆንምና።

ጉዳዩን በደፈናው ከማብጠልጠል አንድ እውነተኛ መጽሐፍ ይዞ መነሣት ይሻላል። ለዚህም ቼካዊው ደራሲ ያሮስላቭ ሃሼክ ከ1921 ጀምሮ የጻፈውን፣ ሳይጨርሰውም የሞተበትን «ደጉ ወታደር ሽቬይክ» የተባለውን ረጅም ልብ ወለድ መርጠናል። (በሌላ መልክ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ከሃምሳ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ለእኛ ቁም ነገሩ ግን የትርጉሙ ብዛት ሳይሆን፣ ያው አንድ መጽሐፍ ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው መርዝ፣ ለሦስተኛው ደግሞ የእሑድ ከሰዓት በኋላ መዝናኛ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ሃሼክ በ1883 በፕራግ ሲወለድ የቼክ ሕዝብ በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ነገሥታት አገዛዝ ሥር ነበር። ቋሚ ሥራና ቋሚ መኖሪያ ያልነበረው፣ የመሸታ ቤት ወዳጅ፣ ለጋዜጦች አጫጭር ቀልድ እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ነበር። በ1911 የምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «በሕግ ወሰን ውስጥ የመጠነኛ እርምጃ ፓርቲ» የሚል ድርጅት አቋቁሞ በመሸታ ቤት ውስጥ የምርጫ ንግግር አሰምቷል። ስሙ ብቻውን በጊዜው ለነበሩት ወላዋይ የለውጥ ፓርቲዎች በቂ ስድብ ነበር። በ1915 በ91ኛው የእግረኛ ክፍለ ጦር ተመድቦ ወደ ምሥራቅ ግንባር ተላከ፤ በዚያው ዓመትም በሩሲያ ጦር ተማረከ። በ1918 ከቀይ ጦር ጋር ተሰልፎ በ5ኛው ጦር የፖለቲካ ክፍል ውስጥ እየሠራ እስከ ሳይቤሪያ ድረስ ዘመተ። በ1920 መጨረሻ ወደ ፕራግ ሲመለስ የሚያውቀው ንጉሠ ነገሥትም ሆነ ግዛቱ አልነበሩም። የቼኮስሎቫኪያ ሪፑብሊክ ቆማ ነበር፤ እርስዋም በተራዋ ዛሬ የለችም።

መጽሐፉን በ1921 መጻፍ ሲጀምር የታወቁ አሳታሚዎችን ደጅ አልጠናም። ዢዥኮቭ በተባለው የፕራግ የሠራተኞች ሠፈር ከሚኖረው ወዳጁ ከፍራንታ ሳውኤር ጋር ሆኖ በትንንሽ ጥራዝ፣ ክፍል በክፍል ያወጣው ጀመር። የለጠፉት ማስታወቂያ ራሱ ቀልድ ነበር፤ መጽሐፉ በታላላቆቹ የዓለም አገሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደሚወጣ ያውጅ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ገጽ እንኳ ወደ ሌላ ቋንቋ አልተመለሰም። መጻሕፍት ሻጮች ፊት ስለ ነሱት ጥራዞቹ በየመሸታ ቤቱ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጡ ነበር። ይህ የአሠራጭ ችግር የሚመስለው ነገር በእኛ አስተያየት ትልቅ ዕድል ሆነለት፤ መጽሐፉ ገና ከጅምሩ ያገኘው አንባቢ የሥነ ጽሑፍ ሳሎን ባለሟል ሳይሆን ከጦር ሜዳ ተርፎ የተመለሰው ወዝ አደር ነበርና። ያ አንባቢ ስለ ጦርነቱ የሚነገረውን ታላቅ ቃል ሁሉ በራሱ እግር ለክቶት የመጣ ነው።

መጽሐፉ የሚከፈትበትን ትዕይንት የማያውቅ ይኖራልና እናውሳው። ጊዜው 1914፣ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፈርዲናንድ በሳራዬቮ የተገደለበት ሰሞን ነው። ውሻ እየሸጠ የሚተዳደረውና የሠራዊቱ የሕክምና ቦርድ ጅል መሆኑን አረጋግጦ ከውትድርና ያሰናበተው ሽቬይክ ወሬውን ከቤት ሠራተኛው ሲሰማ፣ የትኛው ፈርዲናንድ እንደ ሞተ ይጠይቃል። እርሱ የሚያውቃቸው ፈርዲናንዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የመድኃኒት ቤት ተላላኪ፣ ሌላው በየመንገዱ የውሻ ቆሻሻ የሚለቅም። የሁለቱም መጉደል ለማንም ጉዳት እንደሌለው በቅን ልቡና ያስረዳል። ከዚያም ወደ ሠፈሩ መሸታ ቤት ይወርዳል። እዚያ የተቀመጠው ደንበኛ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ብሬትሽናይደር የተባለ ሲቪል ለባሽ ፖሊስ ነው። ይህ ጆሮ ጠቢ የመሸታ ቤቱን ባለቤት ፓሊቬትስን በወሬ ሊያጠምደው ይጥራል። ፓሊቬትስ አፉ ባለጌ ቢሆንም ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ቢራ ቀድቶ ሒሳብ ከመቀበል በቀር በምንም ጉዳይ ውስጥ እንደማይገባ ይናገራል። በመጨረሻ ጆሮ ጠቢው ግድግዳው ላይ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል የት እንደ ሄደ ይጠይቃል። ፓሊቬትስም ዝንቦች ስለ ተጸዳዱበት ከጣሪያው ሥር እንዳስቀመጠው በራሱ ቋንቋ ያስረዳል። በዚህ ይታሰራል፤ አሥር ዓመትም ይፈረድበታል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በዚህ ትዕይንት ውስጥ መንግሥትን የተሳደበ አንድም ሰው የለም። ሽቬይክ አልተሳደበም፤ ፓሊቬትስ አልተሳደበም፤ ዝንቦቹም የመደብ ንቃት የላቸውም። የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ከዝንብ ቆሻሻ ጋር አያይዞ ወንጀል ያደረገው ሰሚው ነው። ያን የመሸታ ቤት ወሬ እንደ መጽሐፍ ብንቆጥረው የመጀመሪያው አንባቢው ጆሮ ጠቢው ነው፤ ክፉ አንባቢ እንዴት እንደሚያነብ ሃሼክ በመጀመሪያው ምዕራፍ አሳይቶናል። ክፉ አንባቢ የሚያነበው የተጻፈውን ሳይሆን ሊያገኘው የፈለገውን ነው። የብሬትሽናይደር መጨረሻ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሽቬይክን ለመሰለል ሲል በየጊዜው ከእርሱ የገዛቸው ዲቃላ ውሾች በሉት። ይህን ሲያነብ ያልሳቀ ካለ፣ የሳቁን ጥማት ሌላ ቦታ ቢፈልግ ይሻላል።

የመጀመሪያው ክፍል ታትሞ ሲያልቅ ሃሼክ ለአንባቢዎቹ መልስ የሚሆን ጽሑፍ ጨምሮበታል፤ ለጉዳያችን ከመጽሐፉ ሁሉ ጠቃሚው እነዚህ ጥቂት ገጾች ናቸው። «ጨዋ» አንባቢዎች በመጽሐፉ ውስጥ ባለው የወታደርና የመሸታ ቤት ቋንቋ ተቀይመው ነበር። እርሱ ግን ሕይወት የጨዋ ልጆች የሥነ ሥርዓት ትምህርት ቤት አለመሆንዋን፣ ሰው ሁሉ እንደ ተፈጠረ እንደሚናገር ያስታውሳቸዋል። በዚያው ጽሑፍ ሦስት ዓይነት አንባቢዎች ይታዩናል።

የመጀመሪያው በመንገድ ላይ አንዱን ሰው እንደ ሽቬይክ ያለ ጅል ነህ ብሎ ሲሳደብ ደራሲው የሰማው ሰው ነው። ሃሼክ ይህን ሲሰማ ዓላማው እንዳልተሳካለት ቢጠረጥርም፣ ለቼክ ቋንቋ አንድ አዲስ ስድብ ማበርከቱ ራሱ ማጽናኛ እንደሚሆነው ይቀልዳል። ቀልዱ ግን ኀዘን አለበት። ያ ተሳዳቢ መጽሐፉን አንብቧል፤ ስቋል፤ ነገር ግን ጅሉ ሽቬይክ ነው ብሎ ደመደመ። ሚሊዮኖችን ወደ እሳት የነዳው ጄኔራል፣ በጦር ሆስፒታል ያለውን በሽተኛ ሁሉ አስመሳይ ነው እያለ በእንማ የሚያስመልሰው ሐኪም፣ የሚያገለግለውን ወታደር በካርታ ጨዋታ አስይዞ የተበላው ቄስ፣ እነዚህ ሁሉ ለዚያ አንባቢ ጤናሞች ሆነው ቀሩ።

ሁለተኛው አንባቢ የመሸታ ቤቱ ባለቤት የፓሊቬትስ ምሳሌ የሆነው እውነተኛው ሰው ነው። ሃሼክ እንደሚነግረን ይህ ሰው ጦርነቱን በእስር ቤት አሳልፎ ወጥቶ፣ ባለጌ አፉን ይዞ ሥራውን ቀጥሎ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን ባገኘ ጊዜ አልተቆጣም፤ ክስ አልመሠረተም። ወደ ደራሲው መጥቶ ከመጀመሪያው ጥራዝ ከሃያ በላይ ገዝቶ ለወዳጆቹ አደላቸው። ግለ-ሂስ የሚለውን ቃል ይህ ሰው ሰምቶትም ላያውቅ ይችላል፤ ነገር ግን እንደዚህ ያለ አንባቢ ያገኘ ደራሲ ብፁዕ ነው።

ሦስተኛዎቹ በአሮጌው አገዛዝ የምስጢር ፖሊስ የነበሩትና በአዲሱ ሪፑብሊክ በዚያው ሥራ የቀጠሉት ናቸው። እነርሱ፣ ይለናል ሃሼክ፣ ሰው የሚናገረውን ለማወቅ ከወትሮው ያልቀነሰ ጉጉት አላቸው። አንድ መንግሥት ወድቆ ሌላ ሲተካ ባንዲራው ይለወጣል፤ ብሬትሽናይደር ግን ወንበሩን አይለቅም ማለቱ ነው። ይህን የጻፈው ከአብዮት ሜዳ የተመለሰ ሰው መሆኑን አንርሳ።

ሃሼክ በጥር ወር 1923 ገና አርባ ዓመት ሳይሞላው ሊፕኒትሴ በተባለች መንደር ሞተ። መጽሐፉን በመጨረሻው ጊዜ የሚጽፈው በቃል እየተናገረ በጸሐፊ እጅ ነበር፤ አራተኛው ክፍል በመንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የእገዳ ታሪክ ባጭሩ እንለፈው፤ እገዳ ከእገዳ ብዙም አይለይምና። በ1925 የቼኮስሎቫኪያ ጦር ሠራዊት ከወታደሮቹ እጅ አወጣው፤ በ1928 በፖላንድ ተወረሰ፤ በ1933 ናዚዎች ከሌሎች መጻሕፍት ጋር አቃጠሉት፤ በ1935 በቡልጋሪያ ታገደ።

ከእነዚህ ውስጥ ሊያስደንቀን የሚገባው የመጀመሪያው ነው። ናዚ መጽሐፍ ማቃጠሉ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ የሚሳለቀው በኦስትሪያ ጦር ላይ ነው፤ የቼኮስሎቫኪያ ጦር ደግሞ የኦስትሪያ ግዛት ከፈረሰ በኋላ የቆመ የነጻ አገር ጦር ነው። የጠላቱ ውርደት የእርሱ ደስታ መሆን ነበረበት። ታዲያ ለምን ከለከለው? የደንብ ልብሱን ቀለም ትተን ሥራውን ብንመለከት መልሱ ይገለጥልናል። መጽሐፉ ውስጥ ዱብ የተባለ አንድ መቶ አለቃ አለ፤ ቀድሞ መምህር የነበረ፣ የበታቾቹን ሁሉ ገና እንደማያውቁት፣ ክፋቱን ሲያውቁ እንደሚያለቅሱ እየደጋገመ የሚያስፈራራ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የኦስትሪያ ዜጋ ብቻ ነው የሚል ካለ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት ያልሠራ መሆን አለበት። አዲሱ ጦር መጽሐፉን የከለከለው ስለማያገባው ሳይሆን ስለሚያገባው ነው።

በ1928 ክርክሩ ከጦር ሠፈር ወጥቶ ወደ ጋዜጦች ገባ። በዚያ ዓመት በጥር ወር ኤርቪን ፒስካቶር መጽሐፉን በበርሊን ለመድረክ አብቅቶት ነበር፤ ሽቬይክ በሚንቀሳቀስ የፋብሪካ ምንጣፍ ላይ ሳያቋርጥ እየተራመደ ባለበት ይቀራል፤ ከበስተኋላው ገኦርግ ግሮስ የሣላቸው ሥዕሎች ይታያሉ። ግሮስ ከእነዚያ ሥዕሎች አንዱ፣ ክርስቶስን በመስቀል ላይ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል አጥልቆ የሚያሳየው፣ ሃይማኖትን ደፍሯል ተብሎ ለፍርድ አቅርቦታል። በፕራግ ደግሞ ብሔርተኛው ባለቅኔ ቪክቶር ዲክ፣ ሽቬይክን እንደ ጀግና የሚያይ ሕዝብ ነገ አገሩን የሚጠብቅለት ወታደር አያገኝም ሲል ተቃወመ። ከግራው ወገን ወጣቱ ኮሙኒስት ዩሊዩስ ፉቺክ መልስ ሰጠ፤ ሽቬይክ የኢምፔሪያሊስቱን ጦር ከውስጥ እንደ ምስጥ የሚቦረቡር ተራ ሰው መሆኑን አስረዳ። ፉቺክ ይህን ያለው ለቃል ብቻ አልነበረም፤ በ1943 በናዚዎች እጅ በበርሊን ሕይወቱን አጥቷል።

ማን ትክክል ነበር? በመደብ አቋም ከተመዘነ ፍርዱ ለፉቺክ ነው። የሌላውን ጦርነት እንዲዋጋ የተገደደ ሠርቶ አደር ትእዛዙን ፊደል በፊደል እየፈጸመ ትእዛዙን ከንቱ ቢያደርግ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይሆንም። ሽቬይክ እኮ እምቢ ብሎ አያውቅም! የእግር ቁርጥማት ይዞት ሳለ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ፣ ምርኩዙን እያወዛወዘ፣ ወደ ቤልግሬድ እያለ በፕራግ አደባባይ ሲያልፍ ከእርሱ የበለጠ አገር ወዳድ የት ይገኛል? መንግሥት ግን ከተቃዋሚው ይልቅ እንዲህ ያለውን ደጋፊ ይፈራል።

ይሁንና የዲክን ጥያቄ ከነባለቤቱ አሽቀንጥሮ መጣል ቀላል አይደለም። የሽቬይክ ጥበብ በአማርኛ ስም አለው፤ ጎመን በጤና ይባላል። ጎመን በጤና ያለ ሰው ራሱን ያድናል፤ ጌታውን ግን አያወርድም። ሽቬይክ በመጽሐፉ ውስጥ ከአንድ አዛዥ ወደ ሌላ አዛዥ ይተላለፋል እንጂ አንድም አዛዥ ከሥልጣኑ አላነሣም። የኦስትሪያ ግዛት የወደቀው በሽቬይክ ፈገግታ ሳይሆን በተሸነፈ ጦር፣ በረኀብ፣ በሠራተኞች አድማና በተደራጀ ትግል ነው። ፉቺክ ምስጡን አየ፤ ዲክ ምሰሶውን አየ፤ ምስጥ የበላውን ቤት ማን መልሶ እንደሚሠራው ግን ሁለቱም በዚያ ክርክር አላነሡትም።

ነገሩ ወደ እኛ የሚቀርበውም እዚህ ላይ ነው። ሽቬይክ በጠላት ጦር ውስጥ ሲሆን ያስቀናል። በገዛ ማኅበራችን ስብሰባ ውስጥስ? የነዋሪዎች ማኅበር አባል የሆነ ወይም በፋብሪካ ጠቅላላ ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሪፖርቱ ሲነበብ ራሱን ይነቀንቃል፤ ድምፅ ሲጠየቅ እጁን ከሁሉ በፊት ያወጣል፤ ሲጨበጨብ የመጨረሻው አጨብጫቢ እርሱ ነው። ከአዳራሹ ሲወጣ ግን የጎረቤቱን ጎን በክርኑ ጎሸም ያደርግና አንዲት ቃል በጆሮው ጣል ያደርጋል፤ ሁለቱም እየተንፈቀፈቁ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። የተበላሸው የውሃ ቧንቧ እንደ ተበላሸ ያድራል፤ የሸማቾች ሱቁ ሒሳብ ሳይመረመር ይከርማል። ይህ ሰው በገዛ ቤቱ ላይ አድማ መትቷል።

አሠራራችን ለረጅም ጊዜ ይህን ሰው አድርባይ ብሎ መውቀስና በዚያው ማብቃት ነበር። እኛ በበኩላችን ይህ ወቀሳ በሽታውንና ምልክቱን ያምታታ ይመስለናል። ሰውየው በአዳራሹ ውስጥ ያላወጣትን ቃል በር ላይ ለምን አወጣት? በአዳራሹ ውስጥ ቢናገራት ምን ያገኘው ነበር? ሊቀ መንበሩ «ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መዝገቡ ይምጣ» ቢል ኖሮ ያቺ ቃል ቀልድ መሆኗ ቀርታ ሂስ ትሆን ነበር። «ይህን ያናገረህ ማን ነው?» ቢል ግን ዝንቦቹ ሥዕሉ ላይ ያረፉት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በር ላይ የሚሳቀውን ሳቅ የሚያሳድድ አመራር የራሱን ሥራ መስተዋት እየሰበረ ነው። በሩ ላይ የሚሳቀው ሳቅ በበዛ መጠን አዳራሹ ውስጥ የሚነገረው እውነት አንሷል ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ እስካሁን አላየንም።

የእኛ አንባቢ ደግሞ ከቼኩ አንባቢ የሚለይበት አንድ ልማድ አለው። ሰምና ወርቅ ያሳደገው ነውና ማንኛውንም ጽሑፍ ሲያነብ ወርቁን ይቆፍራል። ይህ ታላቅ ችሎታ ነው፤ ነገር ግን ወርቁን ሲያገኘው ሁልጊዜ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያገኘዋል። «ይህቺ ለእገሌ ናት» ይላል፤ ለራሱ የተላከች አንዲት እንኳ አጋጥማው አታውቅም። የቀድሞ መሳፍንት በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻሉ አንባቢዎች ሳይሆኑ አልቀሩም፤ በአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት የሆነውን የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ፋቡላ» ባዩ ጊዜ፣ በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች እነርሱ ራሳቸው መሆናቸውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ማገድ ነው፤ ማንበቡን ግን በትክክል አንብበውት ነበር።

ወደ ፕራግ እንመለስ። ከ1948 በኋላ በቼኮስሎቫኪያ ሥልጣን የያዘው ኮሙኒስት ፓርቲ ሽቬይክን ከታገዱት ዝርዝር ወደ ከበሩት ዝርዝር አዛወረው። መጽሐፉ በብዛት ታተመ፤ በዮሴፍ ላዳ የተሣለው ድብልብል ወታደር በየቦታው ታየ፤ በ1956 እና በ1957 ካሬል ስቴክሊ ሁለት ፊልሞች ሠራለት። ይህ ለደራሲው የሚገባው ክብር ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ያን ጊዜ አንባቢው እንዲስቅ የተጋበዘው በሞተ ንጉሠ ነገሥት ላይ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከሞተ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎታል። በሞተ ላይ መሳቅ ቀረጥ የማይከፈልበት ሳቅ ነው። በሕያው ላይ የሳቀው ዋጋው ሌላ ነበር።

ከዚያም ነሐሴ 1968 መጣ። የዋርሶ ውል አገሮች ጦር ወደ ቼኮስሎቫኪያ ሲገባ የፕራግ ነዋሪዎች የየጎዳናውን የስም ሰሌዳ እየነቀሉ ጣሉ፤ ታንከኛው ሲጠይቃቸውም መንገድ አናውቅም አሉ። ይህን ያስተማራቸው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ በመንግሥት ማተሚያ ቤት የታተመው መጽሐፍ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ነበርና። በርትሆልት ብሬሽት በ1943 ሽቬይክን ከናዚዎች ጋር አጋጥሞ ተውኔት ጽፎበት ነበር፤ ሕይወት ደግሞ ማንም ባልጠበቀው አቅጣጫ ሌላ ተውኔት ጻፈችበት። ስላቅ በትክክል ከተጻፈ ለባለቤቱ ብቻ የሚታዘዝ ውሻ አይሆንም፤ እንደ ብሬትሽናይደር ውሾች የገዛውንም ሊበላ ይችላል።

ዛሬ በፕራግ መጽሐፉ የሚጀምርበት መሸታ ቤት የቱሪስት መናኸሪያ ነው። ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳ ቢራውን ይዞ ከሽቬይክ ምስል ጋር ፎቶግራፍ ይነሣል። ከእገዳ ሁሉ ጠንካራው እገዳ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ገበያ መጽሐፉን አያቃጥለውም፤ የቁልፍ መያዣ ያደርገዋል እንጂ።

እስካሁን ሃሼክ በጠላቱ ላይ ሲስቅ አይተናል። በራሱ ወገን ላይስ መሳቅ ይችል ነበር? ለዚህ መልስ የሚሆኑን ሽቬይክ በተጀመረበት በዚያው በ1921 በፕራግ ጋዜጣ ላይ ያወጣቸው ስለ ቡጉልማ ከተማ የሚናገሩ አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ቡጉልማ ዛሬ በሩሲያ ውስጥ በታታርስታን ያለች ከተማ ነች፤ ሃሼክ በ1918 የዚያች ከተማ ምክትል ወታደራዊ አዛዥ ነበር። በታሪኮቹ ውስጥ አዛዡ ሃሼክ ራሱ ነው፤ የሚሳቅበትም እርሱና ጓዶቹ ናቸው። በአንደኛው ታሪክ አዛዡ ከገዳም ሃምሳ መነኮሳዪያት እንዲላኩለት በደብዳቤ ያዛል፤ በገዳሙ ታላቅ ሽብር ይሆናል። ለካስ የፈለጋቸው የጦር ሠፈሩን ወለል እንዲያጥቡለት ኖሯል! ዓላማው ቅን ሆኖ ሳለ ማብራሪያ መስጠት ያልለመደ ሥልጣን ሰውን እንዴት እንደሚያርድ በሁለት ገጽ ያሳያል።

በሌላው ታሪክ ዬሮኪሞቭ የተባለ የአብዮታዊ ክፍለ ጦር አዛዥ ከተማዋን ተረክቦ ትእዛዝ ማውጣት ይጀምራል። ከትእዛዞቹ አንዱ ማንበብና መጻፍ የማይችል ነዋሪ ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲማር፣ ከዚያ በኋላ መሃይም ሆኖ የተገኘ ግን እንዲረሸን የሚል ነው። ሃሼክ በዬሮኪሞቭ ላይ አይጨክንበትም። ሰውየው ሌባ አይደለም፤ ጉቦ በል አይደለም፤ መሃይምነትን ከልቡ ይጠላል። ለአብዮቱ ያለው ፍቅር ከሽጉጡ በቀር ሌላ መሣሪያ ስላላገኘ ብቻ ነው እንዲህ የሆነው። እንደዚህ ያለውን ታሪክ ጠላት ሊጽፈው አይችልም፤ ከጓዶቹ ጋር የተራበና የዘመተ ሰው ብቻ ነው የሚጽፈው።

በአገራችን በ1971 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማረ ወይም የተማረ ሰው ይህን ትእዛዝ ሲያነብ በሁለት ልብ ይስቃል። በማታ በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በሠራተኛ እጃቸው እርሳስ ጨብጠው ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉትን አዛውንት ያስታውሳል፤ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘው ያ ሥራ ሐሰት አልነበረም። ወዲያውም መዝገብ ይዞ የቀሩትን ስም እየጠራ የሚያስጠነቅቀውን ድምፅ ያስታውሳል። ሁለቱም በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማታ፣ አንዳንዴም ከዚያው አንድ ሰው አፍ የወጡ ነበሩ።

ሽቬይክን ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ የቡጉልማ ታሪኮች ግን በአንድ ምሽት ያልቃሉ። የንባብ ልማድ ያላቸው ማኅበራትና የሠራተኞች ክበባት የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ አባል ካላቸው፣ እርሱ በቃል እየተረጎመ ሌሎቹ ቢያዳምጡት፣ በቡጉልማ ጀምረው ወደ ሽቬይክ ቢያልፉ እንመርጣለን። ሊቀ መንበሩም ከፊት ረድፍ ሳይሆን ከአባላቱ መካከል ቢቀመጥ መልካም ነው፤ መቼ እንደሚሳቅ ከእርሱ ፊት ለማንበብ የሚሞክር እንዳይኖር።